የእማዬ ምራት

ሹፌሩ ሙዚቃውን ሲያጠፋው ነው ያወቅኩት።

ዋጫ ከተማ ነበርኩ። እዚያ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት የአክስቴ ልጅ ደወለና "እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ዛሬውኑ ብትመጣ ጥሩ ነው" አለኝ። "ጋሼን አገናኘኝ" አልኩት። "እሱ አሁን አይመቸውም" አለና ስልኩ ተቋረጠ። ልብ አላልኩም። ምናልባት ልብ ማለት አልፈለግኩ ይሆናል። መናኸሪያ ሄጄ የቦንጋ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። ድሮ ከጋሼ ጋር ባጃጅ ይነዳ የነበረ ልጅ ነው፤ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ዘፈን የሚከፍት። ያን ቀንም ከፍቶ ነበር። አየኝ፣ እጁን ሰደደና አጠፋው። ረዳቱ "ምነው፣ ጥሩ ዘፈን እኮ ነው" ሲለው "ዝም በል" አለው። ቦንጋ እስክንደርስ መልሶ አልከፈተውም።

እማዬ ደህና ነበረች። የሞተው ጋሼ ነው።

ጽሑፍ ልማዴ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ደረሰኝ ነው። ግን ስለ እሱ ሌላ ሰው እስኪጽፍ ብጠብቅ ማንም አይጽፍም። የባጃጅ ሹፌር ነበር። ስለዚህ እንደ መጣልኝ አሰፍረዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና መራመድ አልጀመርኩም። "ጋሼ" የምለው እንደ ወንድምም እንደ አባትም ነው። ስሙ አስራት ነው፤ ግን ቦንጋ ገበያ መሐል ቆማችሁ አስራት የት አለ ብትሉ የሚመልስላችሁ አልነበረም። ካንትሪ ነው የሚባለው። ባጃጁ ጀርባ ላይ በቢጫ ቀለም "ካንትሪ" ተብሎ ተጽፏል። የሠፈር ልጆች "ካንትሪ፣ በነፃ ጫነን!" ይሉታል። ትልልቅ ሴቶች "ካንትሪ ልጄ፣ ዳገቱን አውጣኝ" ይሉታል። እሱ ለሁሉም እኩል ራሱን ዘንበል አድርጎ እጅ ይነሣል።

ስሙ የመጣው ከጊታሩ ነው። የጊታሩን ነገር ሳልናገር የእሱን መናገር አልችልም።

ጊታሩ የሚስተር ሮይ ነበር። ሚስተር ሮይ በጃንሆይ ጊዜ ቦንጋ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማረ አሜሪካዊ ነው። አስተማሪ ከመሆኑ በፊት በአገሩ ካንትሪ የሚባለውን ሙዚቃ ከሚጫወቱ ጓደኞቹ ጋር ከከተማ ከተማ፣ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞረ ይጫወትበት ነበር። ይህን የነገሩን ጋሽ ገብሬ ናቸው። ጋሽ ገብሬ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ተማሪ ሲለቀቅ ሚስተር ሮይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጫወት አጠገቡ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ጊታሩ ያኔም አሮጌ ነበር አሉ። ፊቱ ላይ ገመድ የሚወረውር ፈረሰኛ ተሥሎበታል። የፈረሱ እግሮች በጣት ብዛት ተፍቀው ጠፍተዋል። ጋሼ "ከአሜሪካ ቦንጋ በእግሩ መጥቶ እኮ ነው ያለቀበት" ይል ነበር። ማንገቻው የከብት ቆዳ ነው፤ በሰው ላብ ጠቁሯል፤ የማን የማን ላብ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ለውጡ ሲመጣ ሚስተር ሮይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጊታሩን ለጋሽ ገብሬ ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ መጫወት አይችሉም። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ፈሩና ባቄላ ሞልተውበት ከእህሉ ጋር አቆሙት። ፈታሹ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲላቸው "ዘር ማስቀመጫ" አሉት። "ይሄ ፈረሰኛውስ?" አላቸው። "እሱ የባቄላው ዘበኛ ነው" አሉት። ይህን ሲያወሩልን እስካሁን ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጋሽ ገብሬ በር ነበር የሚያልፈው። አንድ ቀን በተከፈተው በር ፈረሰኛውን አየው። ባቄላውን ለቅሞ ያወጣው እሱ ነው። ጋሽ ገብሬ የሚያውቁት አንድ ዜማ አለ፤ ሚስተር ሮይ ሁልጊዜ የሚጀምርበት። በአፋቸው እያዜሙ አስጠኑት። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው ይላሉ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛም ካፊኖኖም አማርኛም አይደለም። አንድ ቀን "ስለ ፈረስ ነው የሚለው" ይላሉ፤ ሌላ ቀን "ስለ ሚስቱ ነው።" ጋሼ ቃሉን ለእሳቸው ተወና ዜማውን ወሰደ። ጣቱ ሲፈታለት ጋሽ ገብሬ "ውሰደው" አሉት። "እኔ ቤት ባቄላ ብቻ ነው የለመደው።"

የጊታር ክር ቦንጋ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ቀጭኗ ክር ስትበጠስበት፣ ከተጣለ የባጃጅ ፍሪሲዮን ካቦ ውስጥ አንዲት ሽቦ መዝዞ ይወጥር ነበር። ድምፁ ይነጫነጫል።

"ጋሼ፣ ባጃጅ ባጃጅ ይላል እኮ" አልኩት አንዴ።

"ታዲያ እንጀራ የምበላው በባጃጅ አይደል?" አለኝ።

እንጨት ይወድ ነበር። ያየውን እንጨት ሁሉ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። በር፣ ጠረጴዛ፣ የሰው አልጋ። ቀበሌ ለጉዳይ ሄዶ የኃላፊውን ጠረጴዛ ሲያንኳኳ ሰውየው "ይግቡ" ያለው ጊዜ አለ፤ ጋሼ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያለ። አንድ ነገር ሲበላሽ ደግሞ "ይቃኛል" ነው የሚለው። ባጃጁ ሲቆም፣ "ይቃኛል።" እኔ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሦስት ቀን ከአልጋ አልነሣ ስል መጥቶ ብርድ ልብሱን ገለጠና፣ "ተነሥ፣ ይቃኛል" አለኝ። ያኔ አናዶኝ ነበር።

"ካንትሪ"ን በተመለከተ የራሱ ሐሳብ ነበረው። አንድ ሰርግ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሙሽራው ጓደኛ ፈረሰኛውን አየና ደስ አለው።

"ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ካንትሪ!"

ጋሼ ጀመረ። የጀመረው ግን እዚሁ ካፋ ውስጥ ሙሽራ ሲሸኝ የሚዘፈነውን ነው፤ በካፊኖኖ። አሮጊቶቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እንግዳው ትንሽ ጠበቀና ተጠጋው።

"ካንትሪ ነው እኮ ያልኩህ።"

"ካንትሪ ነው።"

"ይሄ የዚህ አገር ዘፈን ነው።"

"በእንግሊዝኛ ካንትሪ ማለት ምንድን ነው?"

"ማለት... አገር።"

"እና?" አለው ጋሼ፤ መጫወቱን ሳያቆም።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እንግዳውም ሳቀ፤ ተነሥቶም ጨፈረ። ቤት ስንገባ ግን እኔ አልተውኩትም። ካንትሪ የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ስም ነው፣ የሚስተር ሮይ ነው፣ የእኛ አይደለም ብዬ አስረዳሁት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ታዲያ ምነው?"

"ሰባተኛ ክፍል መምህሬ ካንትሪ ማለት አገር ነው ስል አንድ ነጥብ ሰጥቶኛል። ነጥቤን አልመልስም።"

እማዬ ጊታሩን አትወደውም ነበር። አትወደውም ማለት ይከብዳል፤ ቀናተኛ ነበረች ልበል። ጋሼ ሚስት ሳያገባ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ጊታሩን "ምራቴ" ማለት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲወለውለው ከማድ ቤት ትጮኻለች።

"ምራቴ ተነሥታለች?"

"ተነሥታለች እማዬ። ፊቷን እየታጠበች ነው።"

"ታዲያ ውኃ አትቀዳልኝም?"

"ወገቧን ያማታል።"

"እኔ ስንቱን ተሸክሜ ያላመመኝን!"

ከዚያ እሱ የሚስተር ሮይን ዜማ ይጫወታል፤ በጉሮሮው እያንጎራጎረ። እሷ ብረት ድስቷን ታንኳኳለች። አንድም ቀን ወጥታ ቁጭ ብላ ስታዳምጠው አላየሁም። "እማዬ፣ ነይ እስቲ አንዴ ስሚኝ" ሲላት "ሥራ ፈት መሰልኩህ?" ነው መልሷ። ከዚያ ቁርስህ ቀዘቀዘ ትለዋለች።

የንቡን ነገር ካልጻፍኩ የሚያውቁት ሰዎች ይቆጡኛል።

የቦንጋ ዝናብ ለእንጨት አይመችም። አንድ ክረምት የጊታሩ ጀርባ ተሰነጠቀ። ጋሼ በኮላ አጣበቀው፤ ለቀቀ። እንደገና አጣበቀው፤ እንደገና ለቀቀ። ከዚያ ገበያ ሄዶ ከማር ሻጮቹ ሰም ገዛ፤ ያልተጣራ፣ ገና ማር ማር የሚል። አቅልጦ ስንጥቁን ደፈነው፤ የተረፈውን ደግሞ "ያምርበታል" ብሎ መላ ጊታሩን ቀባው። እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ሰቅሎት ሥራ ወጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ፀሐይ ነበረች።

አስቡት እንግዲህ። ባዶ እንጨት፣ ክብ ቀዳዳ ያለው፣ ሰም የተቀባ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ። የካፋ ሰው ንብ ሲፈልግ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው እኮ እሱኑ ነው።

ለምሳ ሲመጣ እማዬ ግቢው በር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

"ጎሽ" አለችው። "ልጅ አልወልድ አለች ስል ይኸው ቤት ሙሉ ወለደች።"

ንቡ ገብቶበታል። ጊታሩ ብቻውን ያንጎራጉራል። ጋሼ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ገብሬ ተጠርተው መጡ፤ ዙሪያውን አዩና "በገዛ እግሩ የመጣ ንብ አይባረርም" አሉ። "ንብ አናቢ ዘመድ አለኝ፣ እሱ ይመጣል።" ዘመድየው እስኪመጣ ቀናት አለፉ። በመሐል ጋሼ የሚጫወትበት ሰርግ ነበረ። ያለ ጊታር ሄደ፤ በጭብጨባ ብቻ ዘፈነ። "ካንትሪ፣ ጊታርህስ?" ሲሉት "አራስ ናት" አላቸው። ንቡ ወደ ቀፎ ከተዛወረ በኋላ ጊታሩ በሞቀ ቁጥር ማር ማር ይሸታል። እስካሁን ይሸታል።

ጋሼ ልቡን ያመው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ ከቶንሲል የመጣ ነው አሉ። ሐኪሙ ሲያስረዳው እኔ አብሬው ነበርኩ። ልብ ውስጥ በሮች አሉ፤ ያንተ አንዱ በር በደንብ አይዘጋም አለው።

"እንግዲያው አናጺ ነው የሚያስፈልገኝ" አለ ጋሼ፤ የሐኪሙን ጠረጴዛ በጥፍሩ መታ መታ እያደረገ።

"አናጺዎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ወረፋ አለው" አለው ሐኪሙ። እሱም ፈገግ አለ። "እስከዚያ ዘፈን ቀንስ። ዳገት ቀንስ። ብርድ እንዳይመታህ።"

"ዶክተር፣ ቦንጋ ውስጥ ዳገት ከቀነስኩ ቤቴ በምን እገባለሁ?"

ወረፋ ያዘ። ስንወጣ ምን እንደሚል ስለማውቅ ቀደምኩትና "ይቃኛል" አልኩት። አልሳቀም። ትከሻዬን ያዘና ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ሰርግ ላይ ጮክ ብሎ አይዘፍንም፤ ጊታር ይመታል፣ ሌሎች ይዘፍናሉ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ለራሱ ያንጎራጉራል። ባለፈው ክረምት ደካ የሚባል ቦታ ሰርግ ነበረበት። እማዬ አትሂድ አለችው። "ቃል ሰጥቻለሁ" አለ። ሲመለስ መኪና ተበላሽቶባቸው ዝናብ መታው። ጊታሩን በገዛ ጃኬቱ ጠቅልሎ ነው የመጣው። እሱ በሸሚዝ። ያን ሳምንት ተኛ። ከዚያ ተነሣ፤ ከዚያ እንደገና ተኛ። እኔ ዋጫ ነበርኩ፤ ስደውል "ይሻለኛል" ይለኛል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። የአዲስ አበባው ተራ ሳይደርሰው ሞተ።

ሳጥኑን ከቤት ሲያወጡት አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሳላስበው በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። ምን እንጨት እንደሆነ አላወቅኩም። እሱ ቢሆን ያውቅ ነበር።

ከሣልስቱ በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። ባጃጁ የሰው ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወሰደው። ቢጫው ጽሑፍ በማግስቱ በቀለም ተሸፍኖ አየሁት። አልተቀየምኩትም፤ ሌላ ሹፌር ቀጥሯል። ከጋሼ የቀረን ልብሱና ጊታሩ ብቻ ሆነ። ልብሱን ለነዳያን ሰጠን። ጊታሩ በግድግዳው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። በእኛ ወግ ሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ስለዚህ ማንም አልነካውም። እማዬ ግን ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጠራችኝ።

"ደሴ፣ ምራቴን ወደ ቤተሰቦቿ መልሳት።"

የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ ልል ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

"የት እማዬ?"

"ከመጣችበት ነዋ። ጋሽ ገብሬ ጋ። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደች። እዚህ ምን ትሠራለች?"

"እማዬ፣ ከእሱ የቀረችን እሷ ብቻ ናት እኮ።"

"ለዚህ አይደል እንዴ የማልችላት!" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ደካ ድረስ በዝናብ የወሰደችው ማን ናት? ጃኬቱን የለበሰችው ማን ናት? የልጄን ትንፋሽ የጨረሰችው እሷ ናት። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንዳላገኛት።"

ምን ልበላት? ጋሽ ገብሬ አርጅተዋል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እሳቸው የሞቱ ቀን ጊታሩን ማን ያውቀዋል? ወይ ምድጃ ይገባል ወይ አንዱ ሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን የምትለምነኝ እናቴ ናት፤ ልጇን የቀበረች። እሁድ ጠዋት ክሮቹን አላላሁ፤ ጋሼ ለብዙ ቀን ሳይጫወት ሲቀር እንደዚያ ያደርግ ነበርና። ማንገቻውን በትከሻዬ አድርጌ ወጣሁ።

ከገበያው በላይ ዳገቱን ስወጣ ከኋላዬ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ።

"ካንትሪ! ኧረ ካንትሪ!"

ዞርኩ። የሚነዳው ልጅ ከመንገድ ገና መመለሱ ነው መሰል፣ የጋሼን ሞት አልሰማም። ፊቴን ሲያይ፣ ከዚያ ጥቁር ልብሴን ሲያይ፣ አንድ በአንድ ገባው። ባጃጁን እዚያው ዳገቱ ላይ አቆመ።

"ደሴ... ከኋላ... አረማመድህ..."

"ምንም አይደል።"

"ግባ ላድርስህ።"

"ቅርብ ነው።"

"ግባ በናትህ" አለኝ። እያለቀሰ ነበር። ገባሁ።

ጋሽ ገብሬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አማርኛቸው የራሳቸው ነው፤ ካፊኖኖ አፍ የፈቱበት ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" ይሉታል። እማዬን ራሷን አንዳንዴ "እሱ ደግሞ ይቆጣል" ይሏታል። ጊታሩን ሲያዩ እጃቸውን አልዘረጉም።

"እሱን ምን አድርጎ ነው ያመጣኸው?"

እማዬ ያለችኝን ነገርኳቸው። ምራት የሚለውን፣ ቤተሰቦቿ የሚለውን። መጀመሪያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ሳቁ አለቀና መሬት መሬቱን አዩ።

"እናትህ ምራት ነው ይላል?"

"አዎ።"

"ምራት ከሆነ..." ቆም አሉ። "ምራት ከሆነች" አሉ፤ እሷ ሲሉ ያኔ ነው የሰማሁት። "ባሏ ትናንት ነው የተቀበረ። ሐዘን ሳትቀመጥ ነው ወደ ቤተሰብ የምትመጣ? እኔ አባቷ ነኝ፣ አይደለም? እንዲህ ያለች ልጅ አባት አይቀበልም። ሰው ምን ይለኛል?"

ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ዱላቸውን ያዙ። ጊታሩን ከትከሻዬ ወስደው ራሳቸው አነገቱ። እይዝልዎታለሁ ብላቸው "ልጄን እኔ ነኝ የማደርስ" አሉኝ።

ስንደርስ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ገብሬ "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ገቡ። ጊታሩን አወረዱና ፍራሹ ላይ፣ ከእማዬ አጠገብ፣ ግድግዳውን አስደግፈው አስቀመጡት።

"ወርቅነሽ፣ ልጄን አምጥቻለሁ። ባል ሞቶባታል። ከአማቷ ጋር ሐዘን ትቀመጥ።"

ጎረቤቶቹ መሳቅም ማልቀስም አልቻሉም። አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች።

"ጋሽ ገብሬ" አለች እማዬ፤ ፊቷ ተለዋወጠ። "በሐዘኔ ይቀልዳሉ?"

"አልቀልድም። ምራት ብለሽ ስም ያወጣሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም። ምራት ከሆነች ወግ አላት። አርባው ይውጣ፣ ሙት ዓመቱ ይውጣ። ከዚያ አልፈልጋትም ካልሽ እኔው መጥቼ እወስዳታለሁ። በሕይወት ካለሁ።"

እማዬ ቀስ ብላ ዞረች። ከሞተ ጀምሮ ጊታሩን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ የተንዠረገገው ምንድን ነው?" አለች።

"ክሯን አላልቼው ነው" አልኳት።

"ታዲያ ምን ታድርግ?" አለች ጎረቤታችን፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። "ባሏ የሞተባት ጠጉሯን ትፈታ የለ?"

እማዬ ሳቀች። አንዴ ብቻ፤ እንደ ሳል። ከዚያ ሳቁ ተገለበጠና አለቀሰች። እስካሁን ካለቀሰችው ለቅሶ ሁሉ የተለየ ነበር፤ ሙሾ የለው፣ ጩኸት የለው። ሴቶቹ ጀርባዋን ያዟት። እጇ ሄዶ ፈረሰኛው ላይ አረፈ።

ጎረቤቶቹ ዝናብ ሳይመጣ ብለው ሲሄዱ እኛ ሦስታችን ቀረን።

"ጠዋት ጠዋት የሚጫወታትን ታውቃታለህ?" አለችኝ።

"አውቃታለሁ። አስተምሮኛል፤ እንደ እሱ አይደለም ግን።"

"በሩን ዝጋው።"

"እማዬ፣ ሐዘን ላይ ነን። ሰው ቢሰማ..."

"ዝጋው አልኩህ።"

ዘጋሁት። ክሮቹን መለስኩ፤ በጆሮዬ ቃኘሁ፤ ጋሽ ገብሬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ረዱኝ። ጀመርኩ። ጣቴ ደርቋል። ትንሽ እንደሄድኩ፣

"አይደለም" አለች እማዬ። "እዚያ ላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው።" በጉሮሮዋ አሳየችኝ። ልክ ነበረች።

"እማዬ፣ ትሰሚ ነበር እንዴ?"

"ጆሮ የለኝም?"

እንደገና ጀመርኩ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ፈረሱ የሚሮጥበት የሚመስለው ቦታ ደረስኩ፤ እሱ ቀላል ነው፣ ቶሎ ቶሎ አልኩት።

"ቁም!" አለች።

ቆምኩ። ጋሽ ገብሬ አልተስማሙም። "የለም ወርቅነሽ። ዘፈኑ እዚያ አይቆምም። ሚስተር ሮይ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።"

"የእርስዎ ሚስተር ሮይ ይሂድ" አለች እማዬ። "የእኔ ልጅ እዚያ ጋ ይቆማል። እያንጎራጎረ አይደል የሚጫወተው? ትንፋሽ ይሰበስባል። ደግሞ በየወሩ እየረዘመ ነበር የመጣው።"

ጋሽ ገብሬ ኮፍያቸውን አወለቁ። መቆሙን እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። አብሬው ያደግኩት እኔ፣ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ አላስተዋልኩትም።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያ ቦታ ስደርስ እጄን ከክሩ ላይ አነሣሁ። እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተ፤ በእሱ ፈንታ አየር ስትስብ አየሁ፤ ቀስ ብላ፣ ደረቷ እስኪሞላ።

"አሁን" አለችኝ።